ስምንተኛው ቤት

አስተማሪ የሆንኩት እጄን ልታጠብ ወጥቼ ነው።

ኦስሎ ውስጥ ስቶቭነር አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ለልጆች የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት እናቋቁም ብለን ተሰበሰብን። ብለን ልበል እንጂ የእኔ ልጅ አድጎ ከቤት ከወጣ ቆይቷል፤ እኔ የሄድኩት ሳምቡሳ አለ ሲባል ሰምቼ ነው። ሳምቡሳው ዘይት በዝቶበት ነበርና ታጥቤ ስመለስ ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል። እኔም ደግ ነገር የተባለ መስሎኝ አጨበጨብኩ።

"እንኳን ደስ አለህ፤ በሙሉ ድምፅ ነው" አሉኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ እትዬ ፀሐይ።

"ምን ሆኜ?"

"አስተማሪ።"

"እትዬ ፀሐይ፣ እኔኮ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ።"

"የእጅ ጽሑፍህ ቆንጆ ነው። የእነ በላይን የለቅሶ ማስታወቂያ የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ?"

እትዬ ፀሐይን እምቢ ማለት አይቻልም። ሞክረው የተሳካላቸው ሰዎች ካሉ ከኦስሎ ወጥተው ይሆናል።

የማውቀው የማስተማር ዘዴ የተማርኩበትን ብቻ ነበር። ገበታው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ አስተማሪው በአርጩሜ ይጠቁማል፣ ሀ ሲል ልጆቹ ሀ ይላሉ፣ ሁ ሲል ሁ ይላሉ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይመሻል። እኛ በዚህ ተምረናል። የተማርነው ግን አርጩሜዋ ከመጠቆም ሌላ ሁለተኛ ሥራ ስለነበራት መሆኑን ያወቅኩት እዚህ ነው። እዚህ አገር አርጩሜ መጠቆሚያ ብቻ ናት። ልጆቹም ይህን ከእኔ በፊት ያውቃሉ።

አሥራ አራት ሆነው የጀመሩት ከፈረንጆች ገና በኋላ ስድስት ቀሩ። ሌሎቹ ለእግር ኳስ፣ ለዋና፣ ለልደት በዓል እየተባለ አንድ በአንድ ሄዱ። አንዱ አማርኛ ራሴን ያመኛል ብሎ የሐኪም ወረቀት ሊያመጣ ነበር፤ ሳያመጣ ራሱ ቀረ። ከስድስቱ ሁለቱን ልንገራችሁ። ናታን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም፤ ወንበሩን እንደ ፈረስ ነው የሚጠቀምበት። ማክዳ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እናቷ እየገፋች ታስገባታለች፣ በሩ ሥር ትቀመጣለች፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ቃል ብትናገር ብዙ ነው።

ክፍሉን በነፃ የሚያውሰን የሕንፃዎቹ የነዋሪዎች ማኅበር፣ ቦሬትስላጉ ነው። ውሉ ላይ ቢያንስ አምስት ልጅ መኖር አለበት ይላል። እትዬ ፀሐይ ይህን በየሳምንቱ በስልክ ያስታውሱኛል።

"ከአምስት ከወረዱ ቁልፉን እንመልሳለን። የምትመልሰውም አንተ ነህ" ይሉኛል።

እውነቱን ለመናገር ቁልፉን መመለስ አልፈለግኩም። መሃል ከተማ፣ ሴንትሩም ውስጥ የማጸዳው ቢሮ ሠራተኞቹ ሳይገቡ ገብቼ ሳይመጡ የምወጣበት ነው። እዚያ ማንም ስሜን አያውቅም፤ ቢያውቁም የሚጠሩኝ ወረቀት የሚያወጣው ማሽን ሥር ቡና ሲፈስ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ስድስት ልጆች "ጋሼ" ይሉኛል። የሚሉኝ ሽንት ቤት ለመሄድ ለማስፈቀድ ቢሆንም ያው ጋሼ ነው።

ስለዚህ ለበጎ ፈቃድ አስተማሪዎች ነፃ ሥልጠና፣ እዚህ ኩርስ የሚሉት፣ አለ የሚል ወረቀት ሳይ ተመዘገብኩ። አሠልጣኟ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። ከአገሩ ምዕራብ በኩል የመጣች መሰለኝ፣ ር-ን ከጉሮሮዋ ነው የምታወጣት። ርዕሱ የዛሬ ልጆች እንዴት ይማራሉ የሚል ሲሆን መልሱ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋል። እኔ እንደ ሰማሁት ያ ነገር ማዕዘን ነው።

እንዲህ ነው። ኖርዌይኛ ውስጥ አንጎል "የርነ" ይባላል። ማዕዘን ደግሞ "ዮርነ" ነው፤ ግን ይህ የጻፍኩት ዮ በትክክል ዮ አይደለም፣ የ-ም አይደለም፣ በመካከል የሆነ ቦታ የሚኖር ለኛ ጆሮ ያልተሠራ ድምፅ ነው። እኔ ሁለቱን አልለይም። አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ቆንጆ በተባለው የእጅ ጽሑፌ ማስታወሻ ያዝኩ። "ማዕዘን ቶሎ ይደክማል።" "ማዕዘን በቂ እንቅልፍ ካላገኘ አይሠራም።" "የልጆች ማዕዘን ከአዋቂ ማዕዘን ይልቅ ይለጠጣል።" ኖርዌዮች የማይመራመሩበት ነገር የለም ብዬ አደነቅኩ። የአዳራሹን አራት ማዕዘናት በየተራ አየኋቸው። አንደኛው በእርግጥም የደከመ ይመስላል።

ሥዕል ስታሳይ ግን ነቃሁ። በየፋሲካው በግ የሚያርድ ሰው አንጎል አይስትም። ቀስ ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ያለውን ማዕዘን ሁሉ እየሰረዝኩ አንጎል አልኩት። ሁሉም ነገር ወዲያው ትርጉም ሰጠ።

ቅዳሜ እስኪደርስ ቸኮልኩ። አንጎል ገላ ሲንቀሳቀስ ይነቃል ብላለች አሠልጣኟ። ወንበሮቹን ወደ ዳር ገፍቼ "ዛሬ ፊደል የምንጽፈው በሰውነታችን ነው" አልኩ። ለ ቀላል ነበር፣ እግር ከፈት አድርጎ መቆም ነው። በ ሁለት ልጅ ወሰደ። ጠ ላይ ስንደርስ ሦስት እግርና አንድ አግዳሚ አስፈለገ። ናታን ሳይጠየቅ አግዳሚ ሆነ፤ በሦስት ልጆች ትከሻ ላይ ተጋደመ። ጥሩ ጠ ወጣው። እዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ ጥሩ ነበር።

"ጋሼ፣ እየኝ!" አለ ናታን፣ እጆቹንና እግሮቹን በሁለቱም ጫፍ ወደ ታች አንጠልጥሎ። "አሁን ጨ ነኝ!"

ልክ ነበር። ጨ ከጠ የሚለየው በዚያው ነው። ልናገር አፌን ስከፍት መካከለኛው እግር የሆነው ልጅ አፍንጫውን ሊያክ ዞር አለ። ናታን ጃኬት የተከመረበት ላይ ወደቀ፣ አንድ ነገር አልሆነም፤ ሱሪው ግን ከፊት እስከ ኋላ ለሁለት ተከፈለ። እናቱ ደወለችልኝ።

"ልጄን ያስመዘገብኩት ፊደል ነው ሰርከስ?"

የሚቀጥለው ሳምንት ማንም የማይወድቅበትን መረጥኩ። ሽታ ትዝታ የሚቀመጥበት የአንጎል ክፍል ጎረቤት ነው ብላ ነበር አሠልጣኟ። ትንንሽ ጠርሙሶች ይዤ ሄድኩ፤ ለነ ነጭ ሽንኩርት፣ ለከ ኮረሪማ፣ ለሰ ሰናፍጭ፣ ለበ በርበሬ። ዓይን ተጨፍኖ ይሸተታል፣ ፊደሉ ይነገራል። ነጭ ሽንኩርቱም ኮረሪማውም በሰላም አለፉ።

"በርበሬውን ቀስ ብለህ አሽትት" አልኩት ናታንን።

የናታን አማርኛ ውስጥ "ቀስ" የሚል ቃል አልነበረም። ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። ከዚያ አነጠሰ፣ ጠርሙሱ ተገለበጠ፣ ዓይኑን አሸ፣ ሊረዱት የቀረቡትም የየራሳቸውን ዓይን አሹ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ልጅ በቀር ሁሉም ያለቅሱ ነበር። ያላለቀሰችው በሩ ሥር የተቀመጠችው ማክዳ ናት።

ከጎናችን ባለው ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጊቶች ሹራብ ይሠራሉ። ጩኸቱን ሰምተው ወተት ይዘው ሮጠው መጡ። የልጆቹን ፊት በወተት ስናጥብ አንዷ ምን እያስተማርኩ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ፊደል አልኳት። የሚያለቅሱትን ልጆች አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ከባድ ቋንቋ መሆን አለበት" አለች።

በሳምንቱ ስጠይቃቸው ሁሉም በ-ን ያውቃሉ። ከበ በቀር የሚያስታውሱት ግን አልነበረም። አንዲት ልጅ ወደ ዋና ተዛወረች። አምስት ቀሩ።

ማክዳም በዚያው ቀን እንደ ገባች ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ይህን አድርጋ አታውቅም።

"ጋሼ፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነው። እማዬ ያ ብላለች።"

"ያ" በኖርዌይኛ "አዎ" ማለት ነው። አራት ሊቀሩ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ በነፃ የተዋስነው ክፍል አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚመለስ ቁልፍ ሆኖ ታየኝ። ማስታወሻዬን ከፈትኩ። ያልሞከርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቶ ነበር፦ የሚያስረዳ ሰው ነው የሚማረው፤ አስተማሪው ዝም ይበል። ዝም ለማለት ዕቃ አያስፈልግም። ከልጆቹ ወንበር አንዱን ስቤ ቁጭ አልኩ።

"ዛሬ አላስተምርም። እናንተ ኖርዌይኛ አስተምሩኝ። አሥራ ሰባት ዓመት እዚህ ኖሬ አንጎልና ማዕዘን መለየት አልቻልኩም።" የኩርሱን ነገር ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ናታን ከወንበሩ ወደቀ። ማክዳም ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። "ግን አንድ ነገር አለ፤ በኖርዌይኛ ብታስረዱኝ አይገባኝም። በአማርኛ ነው።"

ማክዳ ከበሩ ሥር ተነሥታ ፊቴ ቆመች።

"ማዕዘን በል።"

"የርነ።"

"ናይ፣ አይደለም። እሱ አንጎል ነው። ተነሥ፣ ቁጭ ብለህ አትችልም።"

ተነሣሁ። "ዮርነ።"

"ናይ! አፍህ..." ቃሉ ጠፋትና ወደ ናታን ዞረች። የራሷን ከንፈር እየነካች "ይሄ ምን ይባላል?" አለችው።

"ከንፈር!"

"ከንፈርህ ኦ ይበል። ምላስህ ግን ኤ ይበል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።"

ሞከርኩ። ከአፌ የወጣውን ድምፅ ልገልጸው አልችልም፤ ናታን በር የተዘጋበት ድመት ነው አለ። ማክዳ ግን አልሳቀችም። ደገመችኝ፣ ሠለሰችኝ፤ ለቤት ሥራ አሥር ቃል እንዳጠናም አዘዘችኝ።

"እንግዲያው ጻፊልኝ። በእኛ ፊደል" አልኳት።

ገበታው ፊት ቆመች። ጣቷን እያንሸራተተች የ-ን አገኘች፣ ዩ ዪ ያ ዬ ይ ዮ ብላ መጨረሻው ላይ ደረሰች።

"ይሄ ዮ ነው። ሌላኛው ድምፅ የታለ?"

"የለም። አባቶቻችን አላስፈለጋቸውም።"

"እኛን ያስፈልገናል" አለች።

ማርከር አነሣችና ከሰባተኛው ቤት ቀጥሎ፣ ገበታው ኅዳግ ላይ፣ ሌላ ዮ ጻፈች፤ ኖርዌዮች በኦ ፊደላቸው ላይ እንደሚያደርጉት በመካከሉ ሰያፍ ጭረት አሳለፈችበት። ሁላችንም አየነው። የሆነ ነገር ይመስል ነበር።

"የኔ ነ-ስ?" አለ ናታን። "ነ-ም ይፈልጋል!"

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አልመራሁም። ማክዳ ረድፎቹን አካፈለች። እያንዳንዱ ልጅ የየረድፉን ሰባተኛ እየፈለገ፣ እየጠራ፣ እየጻፈ፣ ጭረት እያሳለፈ ወረደ። ሀ እና ሐ ሁለቱም ይገባቸዋል ወይስ አንዱ ይበቃል በሚል ተጣሉ፤ የተጣሉት በአማርኛ ነው። እኔ ሳይንሱ እንዳዘዘው ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ቀና ስል ሠላሳ ሦስት አዲስ ፊደላት ከላይ እስከ ታች ተሰልፈዋል።

ማርከሩ የማይለቅ ዓይነት መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ገበታው ደግሞ የእኔ አይደለም። እትዬ ፀሐይ ሻንጣ ውስጥ አልከትም ብለው ከአዲስ አበባ እስከ ኦስሎ በአውሮፕላን ታቅፈው ያመጡት ነው። በሩ ተከፈተና ራሳቸው ገቡ። ልጆቹ አምስት መሆናቸውን ሊቆጥሩ መምጣታቸው ነበር፤ የቆጠሩት ግን ገበታውን ነው።

"ሰባት ነበር" አሉ።

"ስምንተኛ ቤት ሠራን!" አለ ናታን።

"ማን ፈቀደ?"

አምስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"አንጎል እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"የማን አንጎል?" አሉ እትዬ ፀሐይ።

"የሚመጣው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከኮሚቴው ጋር እመጣለሁ። ገበታዬን እንደነበረ ላግኘው" ብለው ወጡ።

እዚህ ላይ ሙያዬ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር። ምንጣፍ ላይ የፈሰሰ ወይን፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ስድብ፣ ጠረጴዛ ሥር የደረቀ ማስቲካ፣ ያልነቀልኩት የለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ገበታውን መታጠቢያ ቤት ሰቀልኩና ከሥራ ቦታ ያመጣሁትን ኃይለኛውን ፈሳሽ ረጨሁበት። ከዚያ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ። ስመለስ ከአክሱም ጀምሮ የቆየው ፊደል ሰማያዊና ቀይ ሆኖ በቱቦው እየወረደ ነው። ሰባቱ ቤቶች ባዶ ናቸው። ስምንተኛው ብቻ፣ የማክዳ ማርከር፣ ታጥቦ ያበራል።

ለእትዬ ፀሐይ መልእክት ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና አጠፋሁት። ሳምንቱን እንዲህ ጨረስኩ።

ቅዳሜ ገበታውን እንዳለ ሰቀልኩት። ልጆቹ መጡ። ማክዳም መጣች።

"የመጨረሻዬ ነው አላልሽም ነበር?"

"ኮሚቴው ሲቆጣህ ላይ ብዬ ነው የመጣሁት" አለች። ከዚያ ገበታውን አየች። "የት ሄዱ?"

"ታጠቡ።"

"የእኛዎቹስ?"

"የእናንተዎቹ አንለቅም አሉ።"

ቀረብ ብላ መረመረችው። ሰዓቷን አየች። "አንድ ሰዓት አለን" አለችና ማርከሮቹን አደለች። "ጭረቱን ስታወጡት ሰባተኛው ነው። ከሱ ወደ ኋላ ሂዱ። ሎ፣ ል፣ ሌ፣ ላ፣ ሊ፣ ሉ፣ ለ። ገባችሁ?"

ገባቸው። አምስቱም አውርደው ወለሉ ላይ በዘረጉት ገበታ ዙሪያ ተንበረከኩ። ናታን እንኳ ተንበረከከ። አይተው የሚገለብጡት ነገር አልነበረም፤ ከራሳቸው ነው የሚያወጡት። ናታን የቁ-ን ቅጥል በግራ በኩል ሲያደርግ አየሁና አፌን ከፈትኩ።

"አንተ ጋሼ ዝም በል። ኩርስህ ዝም በል ብሎሃል" አለችኝ ማክዳ።

ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደክሜ አላውቅም። ከጎኑ ያለችው ልጅ እጁን ይዛ ወደ ቀኝ መለሰችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ ፀሐይ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር በሩ ላይ ቆሙ። ማንም ቀና አላለም። ማክዳና ናታን በኀ ጉዳይ ይጨቃጨቁ ነበር።

"ገበታዬ የታለ?" አሉ እትዬ ፀሐይ ዝግ ብለው።

"ይኸው ነው እትዬ። አጠብኩት" አልኩ። ከዚህ የተሻለ መናዘዝ አልመጣልኝም።

ወለሉ ላይ ያለውን አዩት። አረንጓዴና ጥቁር ነው፣ ጠማማ ነው፣ መስመር አይጠብቅም፤ ግን ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ወደ እኔ ሲዞሩ ፊታቸው ላይ የነበረውን አልነግራችሁም። ማክዳ ግን ጊዜ አልሰጠቻቸውም።

"አንቺ ታውቂያለሽ?" አለቻቸው ማርከሩን ዘርግታ። "የኀ አምስተኛው እንዴት ነው?"

አንዱ የኮሚቴ አባል "አንቺ" ስትላቸው ደንግጦ ሳል ያዘው። እትዬ ፀሐይ ማርከሩን ተቀበሉ። "ኀ፣ ኁ፣ ኂ፣ ኃ..." አሉና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አባላቱን ዞር ብለው አዩ። አንዱ ጫማውን አየ፣ ሁለተኛው ስልኩን።

"ቀላል ነው፣ እኔ ላሳይሽ" አለ ናታን፤ ጻፈውም። ልክ ይሁን አይሁን ከአዋቂዎቹ የተናገረ የለም።

ኮሚቴው ኮሪደር ላይ አምስት ደቂቃ ተነጋገረ። ትምህርቱ ይቀጥላል፣ ገበታውም ይሰቀላል፤ እኔ ጠርሙስ ይዤ እንዳልገባ፤ ስምንተኛው ቤት ግን ከአባቶች ያልተቀበልነው ስለሆነ በቴፕ ይሸፈን ተባለ። ማክዳ ጃኬቷን እየለበሰች ፐ-ን አልጨረስኩም፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ እጨርሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም አለችኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ያለውን አልጠየቅኩም።

አባላቱ ሄዱ። እትዬ ፀሐይ ቴፕ ይዘው ገበታው ፊት ቆሙ። ሀ-ን ሸፈኑ። ለ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"ማክዳ፣ እስኪ ነይ። እኔ የምሠራው ግሩነርሎካ የሚባል ሰፈር፣ የአረጋውያን ቤት ነው። ሎካ ባልኩ ቁጥር አሮጊቶቹ ይስቁብኛል፤ ስንት ዓመቴ ሆነ። በዚህ በእናንተ ይጻፋል?"

ማክዳ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችላቸው፤ መካከሉ ላይ ባለው ሎ ጭረት አሳለፈችበት። እትዬ ፀሐይ መነጽራቸውን አደረጉ።

"ሎካ።"

"ናይ። ከንፈርሽ ኦ፣ ምላስሽ ኤ።"

ሦስት ጊዜ ሞከሩ። በአራተኛው ከአፋቸው የወጣውን ማክዳ ጭንቅላቷን አዘንብላ ሰማችና "ያ" አለች።

ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ወደ ቴፑም ተመለሱ፤ ከሐ ጀምረው ረድፉን እየተከተሉ እስከ ፐ ድረስ በጥንቃቄ ለጠፉት። ወንበሮቹን አስተካክዬ ስጨርስ ሄጄ አየሁት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ክፍት ቦታ አለ።

"እትዬ፣ ለ ቀረች።"

"ቴፑ አልበቃም" አሉኝ፤ ወፍራሙን ጥቅልል እጃቸው ላይ እንደ አምባር አጥልቀው።